የማናውቀውን በረኛ እንደ ጎል ስለ መቁጠር

ከወረታ አንድ ወሬ መጥቶ መኝታ ቤቱንና የምግብ አዳራሹን ካጥለቀለቀው እነሆ ሳምንት ሊሆነው ነው። ወሬው አጭር ነው። ፈተናው አልቆ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ በወረታ የሚገጥመን የከተማው ልጆች ቡድን ዋናው በረኛ ጣቱ ተሰብሮ ከጨዋታ ውጭ ሆኗል፤ በእርሱም ቦታ እስከ ዛሬ አንድ ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫውቶ የማያውቅ ልጅ ይቆማል፤ ይባላል። ይህ ከተሰማ ወዲህ የእኛ የፎገራና የአካባቢው ተወላጅ ተማሪዎች ጠባይ ሁሉ ተለውጧል። አምስት ለባዶ የሚል አለ፤ ሰባት ለባዶ የሚል አለ፤ አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪማ በወረቀት አስልቶ ዘጠኝ አድርሶታል። ከሌላ አገር ልጆች ጋር በጎሉ ብዛት ተወራርዶ የሻይ ገንዘቡን ያስያዘ አለ፤ ከዕረፍት መልስ የሚሳፈርበትን ብር ያስያዘም አለ፤ ይህኛው ከተረታ ሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት ወረታ ሆኖ ሊማር ነው ማለት ነው።

በሳምንት ሁለት ቀን ይደረግ በነበረው ልምምድ ላይ ባለፈው ማክሰኞ የተገኙት ሰባት ሰዎች ብቻ ናቸው። የቀሩት ምክንያታቸውን ሲጠየቁ «በረኛ የሌለውን ቡድን ለማሸነፍ ምን ልምምድ ያስፈልጋል?» አሉ።

እኛ በዚህ ደስታ አንካፈልም። የማንካፈልበትንም ምክንያት ጨዋታው ሳይደርስና ውጤቱ ሳይታወቅ ከአሁኑ ጽፈን ማስቀመጥ ወደድን፤ ከጨዋታው በኋላማ ጠቢብ የማይሆን የለም።

በመጀመሪያ ስለዚህ ልጅ የምናውቀውን እንመርምር። ዕድሜው ከእኛ አይበልጥም። በወረታ ከሚገኙት የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች በአንዱ ጆንያ በመሸከም ይተዳደራል። ከጥምቀት በኋላ በተደረገ አንድ ጨዋታ ከዕረፍት በኋላ ብቻ ቆሞ ነበር፤ ያንን ጨዋታ ከእኛ ወገን ያዩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው «ከእጁ ኳስ አምልጦት ነበር» ይላል። ሁለተኛው «ከአጥቂው እግር ሥር ኳስ ነጥቆ ወሰደ» ይላል። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ እውቀታችን ይኸው ነው፤ ሌላ የለንም። ከዚህ እውቀት ዘጠኝ ጎል እንዴት እንደሚወጣ የኢኮኖሚክስ ክፍል ያስረዳን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ ዋናው በረኛ ብዙ እናውቅ ነበር፤ ከመስመር የሚሻማ ኳስ ላይ ጎበዝ መሆኑን፣ በግራው በኩል ዝቅ ብሎ የሚመጣ ኳስ ግን እንደሚያስቸግረው፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታበትም አስቀድሞ ወደ ቀኙ እንደሚወድቅ እናውቃለን። አጥቂዎቻችንም ይህን ይዘው ሲዘጋጁ ከርመዋል። አሁን ያ ሁሉ እውቀት በአንድ ጣት ስብራት ከንቱ ቀረ። በአዲሱ ልጅ ላይ ያለን ባዶ ወረቀት ነው። ጓደኞቻችን ግን በባዶው ወረቀት ላይ «ደካማ» ብለው ጻፉና የጻፉትን መልሰው እያነበቡ ይደሰታሉ። አለመታወቅና አለመቻል አንድ አይደሉም። አለመታወቅ እንዲያውም ለተጋጣሚ ችግር ነው፤ ለምን ቢሉ ለማናውቀው ሰው መዘጋጀት አይቻልምና።

ፍርዳችን ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል ተቃራኒውንም እንናገር። ያልተፈተነ በረኛ በእርግጥ የሚጎድለው ነገር አለ። የበረኝነት ሥራ በእጅ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ግማሹ የድምፅ ሥራ ነው። «ተወው»፣ «የእኔ ነው»፣ «ከኋላህ ሰው አለ» የሚለው ጩኸት በሰዓቱ ካልወጣ ተከላካዩና በረኛው ለአንድ ኳስ ይጋጫሉ፤ ወይም አንዱ ለአንዱ ሲተው ኳሷ በመካከላቸው ታልፋለች። በማዕዘን ምት ጊዜም መቼ እንደሚወጣና መቼ በመስመሩ ላይ እንደሚቀር መለየት በብዙ ጨዋታ የሚገኝ እንጂ በመፈልፈያ ቤት የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ የማዕዘን ምትን ደጋግመን እንድናገኝ መጣር፣ ኳስ ከመስመር እያሻሙ ልጁን ከግቡ ማስወጣት ተገቢ ዘዴ ነው፤ ይህን ያሉትን ጥቂት ጓደኞቻችንን እንደግፋለን። ግን ይህ ሁሉ ልምምድ የሚጠይቅ ነው። ማክሰኞ ዕለት የቀሩት ደግሞ ኳስ የሚያሻሙት የመስመር ተጫዋቾች ናቸው።

«ከሩቅ እየመታን እንጨርሰዋለን» ለሚሉት ግን የምንለው አለ። በረኛው አዲስ ነው ሲባል ሰው ሁሉ ጎል አግቢ ለመሆን ይጎመጃል፤ ኳስ ማቀበል ይቀራል፤ ከመሐል ሜዳ ሳይቀር ይመታል። እንዲህ ያለው ምት ብዙውን ጊዜ ወይ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ወይ በቀጥታ በልጁ ደረት ላይ ያርፋል። ሁለት ሦስት ቀላል ኳስ የያዘ አዲስ በረኛ ደግሞ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አሮጌ በረኛ ይሆናል። ልምድ የሰጠነው እኛው ነን ማለት ነው። ዝቅ አድርገን እንምታ የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ የወረታ መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ውሃ ሲያለብሱት ይከርምና በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ዝቅ ብላ የመጣች ኳስ በስንጥቁ ላይ አርፋ ወዴት እንደምትነሣ ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ስንጥቁ በሁለቱም ግብ ፊት ነው ያለው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ጣና ስታዘቀዝቅ ወደ ምዕራብ የሚያየውን በረኛ ዓይን የምትወጋውም በረኛው የማን መሆኑን ጠይቃ አይደለም።

የልጁ ጓደኞችስ ዝም ብለው ያዩታል? ዋናው በረኛ ሲኖር ተከላካዮቹ ተማምነው ወደ ፊት ይወጡ ነበር፤ አሁን አይወጡም። ጎረቤት ሁሉ እንደሚያውቀው ያልተገራ ወይፈን የሚጠመደው ሌላ ካልተገራ ወይፈን ጋር አይደለም፤ እርሻ ከሚያውቀው በሬ ጎን ነው። የወረታ ልጆችም ገበሬ ያሳደጋቸው ናቸው፤ አዲሱን ልጅ ብቻውን አይተዉትም። እኛ በዚያ ቀን የምንገጥመው ደካማ በረኛ ያለው የድሮውን ቡድን ሳይሆን በግቡ ፊት አራትና አምስት ሰው የደረደረ ሌላ ቡድን ነው።

ይህ ሁሉ ከራሳችን የፈለሰፍነው እንዳይመስል በአገራችን ላይ የደረሰውን እናስታውስ። በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ ደቡብ አፍሪካ ሲገባ ብዙዎቻችን ገና ፊደል የምንቆጥር ሕፃናት ነበርን፤ ታሪኩን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥር 13 ቀን በኔልስፕሩት ከተማ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር ገጠመ። (ቀኑን ልብ ይሏል፤ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ 4 ለ 2 ረትተን ዋንጫውን የወሰድነውም ጥር 13 ቀን ነበር።) የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ከዚያ አስቀድሞ ሰላዲን ሰይድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት የዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ምዌኔ አድኖበት ነበርና ቀኑ የእኛ አይመስልም ነበር። ተጠባባቂው ዘሪሁን ታደለ ከወንበር ተነሥቶ፣ ሰውነቱ እንኳ ሳይሞቅ፣ በአሥር ሰው በቀረ ቡድን ግብ ላይ ቆመ። የዛምቢያ ደጋፊዎች ያን ጊዜ ምን ተባባሉ? ጓደኞቻችን ሰሞኑን ከሚሉት የተለየ አልነበረም ብንል አንሳሳትም። ኮሊንስ ምቤሱማ ለዕረፍት ሊወጡ ሲሉ አገባ። ከዕረፍት መልስ ግን አዳነ ግርማ አቻ አደረገ፤ ጨዋታውም 1 ለ 1 አለቀ። ከጨዋታው ግማሽ የሚበልጠውን ጊዜ በአሥር ሰውና በተጠባባቂ በረኛ የዋንጫውን ባለቤት ይዘን ወጣን።

ይህ በእኛ ወገን ሲሆን ደስ ይላል። ከአራት ቀን በኋላ፣ ጥር 17 ቀን፣ በዚያው ሜዳ ነገሩ ተገለበጠ። ከቡርኪና ፋሶ ጋር ስንጫወት አላን ትራኦሬ አንድ ጎል አግብቶብን ነበር፤ ከዕረፍት በኋላ ግን በረኛቸው አብዱላይ ሱላማ ከክልሉ ውጭ ኳስ በእጁ ነክቶ በቀይ ካርድ ወጣ። እነርሱ አሥር፣ እኛ አሥራ አንድ ሆንን፤ በግባቸውም ላይ ዳውዳ ዲያኪቴ የተባለ ተጠባባቂ ቆመ። ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን በየሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት የተደረገው ጭብጨባ ጎል የገባ ያስመስል ነበር። ከዚያ በኋላ የገቡት ጎሎች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም የገቡት በእኛ ላይ ነው። ትራኦሬ ደገመ፣ ጃካሪጃ ኮኔ ጨመረ፣ ጆናታን ፒትሮይፓ በባከነው ሰዓት አራተኛውን አገባ። 4 ለ 0። ሰዎቻችን በአሥር ሰው ላይ ለማግባት ሲጣደፉ ኋላቸውን ባዶ ትተውት ነበር፤ ጎሎቹም የገቡት በዚያ ባዶ ነው።

ዲያኪቴስ ምን ሆነ? በዚያው በግቡ ላይ ቀረ። ቡድኑ ቶጎን አሸነፈ፤ ጋናን በግማሽ ፍጻሜ በፍጹም ቅጣት ምት ረታ፤ ዲያኪቴም የመጨረሻውን ምት አዳነ። የካቲት 3 ቀን ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ላይም የቆመው እርሱ ነው፤ የተሸነፉትም በአንድ ጎል ብቻ ነው። እኛ ያጨበጨብንለት ተጠባባቂ የአፍሪካ ዋንጫን ፍጻሜ ተጫወተ፤ እኛ ግን በምድብ ጨዋታ ቀረን።

ይህ የአፍሪካ ብቻ ነገር አይደለም። በ1982 ዓ.ም. ኢጣሊያ ላይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ የአርጀንቲናው በረኛ ኔሪ ፑምፒዶ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ሲጫወት እግሩ ተሰበረ። የተተካው ሰርሂዮ ጎይኮቼያ ዩጎዝላቪያንና ባለ አገሩን ኢጣሊያን በፍጹም ቅጣት ምት አሰናብቶ ቡድኑን ለፍጻሜ አበቃ። አሜሪካኖችም ኳስን በእጅ እየወረወሩ በሚጫወቱት የእነርሱ ጨዋታ ቶም ብሬዲ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ2001 የገባው ዋናው ተጫዋች ድሩ ብሌድሶ ስለ ቆሰለ ነው፤ ቡድኑም የዚያኑ የውድድር ዘመን ዋንጫ ወሰደ። ከአንድ ዓመት በፊት ቡድኖቹ ወጣቶችን ሲመርጡ 198 ሰዎች ቀድመውት ተመርጠው ነበር።

ደግሞም ተጠባባቂን መናቅ ከሁሉ ይልቅ የማያምርብን እኛ የፎገራ ልጆች ነን። ሩዝ ወደ ሜዳችን የመጣው በምን መልክ ነው? ጤፉና ኑጉ ውሃ በሚተኛበት መሬት ላይ አልሆን ሲል፣ ለከብት ግጦሽ ከመሆን በቀር ብዙም ተስፋ ባልተጣለበት ረግረግ ላይ እስኪ ይሞከር ተብሎ በደርግ ዘመን የገባ እንግዳ ነው። የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ያመጡት ነውና ሽማግሌዎቻችን «የማን አገር እህል ነው? እንጀራስ ይወጣዋል?» ብለው ተጠራጥረውት እንደ ነበር ይነግሩናል። ዛሬ ኤክስ ጅግና የተባለውን ዘር የማያውቅ የፎገራ ገበሬ የለም፤ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆኗል፤ ገለባው ከብቱን ያከርማል፤ በወረታም የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቆሞለታል። ስንቶቻችን ደብተርና ጫማ የገዛነው በዚህ በተጠባባቂ እህል ገንዘብ መሆኑን ቆጥረን እናውቃለን? ሩዙ ከታጨደ በኋላ በመሬቱ እርጥበት ላይ የሚዘራው ጓያና ሽምብራም እንዲሁ ተቀያሪ ሆኖ ገብቶ ቤት የሚያድን ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ብልሃት ነው። አሁን የምንናገረው ግን ከብልሃት የከበደ ነው። ጥቂት ጓደኞቻችን በልጁ ግብ ጀርባ ተሰልፈው «ጆንያህን ተሸከም!» እያሉ እንዲጮኹ መክረዋል፤ ግጥምም አዘጋጅተውለታል ሲባል ሰምተናል። የተጋጣሚን በረኛ መጮኽበት የኳስ ወግ ነው፤ ሜዳ ገዳም አይደለምና ዝም በሉ አንልም። በሥራው መስደብ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ልጅ የሚሸከመው ጆንያ የማን ነው? የአባቶቻችን ሩዝ ነው። እርሱ ከጋሪ አውርዶ ወደ መፈልፈያው ካላስገባው ሩዙ ገበያ አይወጣም፤ ሩዙ ገበያ ካልወጣ ከእኛ መካከል በዚህ ዩኒቨርሲቲ የማይቀመጥ ብዙ ነው። ከእርሱ ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጠው የተማሩ ጓደኞች በመካከላችን አሉ፤ እርሱ ከትምህርት የወጣው ከእነርሱ ሰንፎ ሳይሆን የሚረዳው ስላጣ መሆኑንም እነርሱው ይናገራሉ። በዚህ ጋዜጣ ላይ ስለ ድኻው ሕዝብና ስለ ሠራተኛው ክብር በየወሩ የሚጽፉ ብዕሮች ከግብ ጀርባ ቆመው ሠራተኛውን በሠራተኛነቱ ቢሰድቡት ወረታ ምን ትለናለች? እናቶቻችንም ሜዳው ዳር እንደሚቆሙ አይዘንጋ። ቀን ሙሉ ከጋሪ ላይ የሚወረወርለትን ጆንያ ሲቀበል የሚውል ሰው ጣቶቹ ለስላሳ ይሆናሉ ብሎ ማሰብም የዋህነት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰሞኑን ማንም ያልጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ። የእኛ ተጠባባቂ በረኛ ማን ነው?

የቡድኑን አምበል ጠየቅነው። ጥቂት አሰበና የአንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስም ነገረን። ተማሪውን ጠየቅነው፤ ተጠባባቂ መሆኑን የሰማው ከእኛ ነው። ዓመቱ ከገባ ወዲህ ጓንት አጥልቆ አያውቅም፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ልብስ እንኳ እንደሚሰጠው አልተነገረውም። የእነርሱን ተጠባባቂ ቁመትና ሥራ እስከ ዕለት ገቢው እናውቃለን፤ የራሳችን ተጠባባቂ ግን መኖሩን ራሱ አያውቅም። የዋናው በረኛችን ጣትም እንደ ማንኛውም ሰው ጣት ይሰበራል። የዋልካው ስንጥቅ ቁርጭምጭሚትም ያዞራል።

ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ በሩስተንበርግ ከናይጄሪያ ጋር ስንጫወት ቪክቶር ሞሰስ በፍጹም ቅጣት ምት አንድ አግብቶብን ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በረኛው ሲሳይ ባንጫ ሞሰስን ጠልፎ ሁለተኛ ቢጫ አየና ወጣ። ሦስቱም ቅያሪ አልቆ ነበር። የመሐል ሜዳ ተጫዋቹ አዲስ ሕንጻ የበረኛ ልብስ ለብሶ፣ የበረኛ ጓንት አጥልቆ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታበት በመስመሩ ላይ ቆመ። ሞሰስ እርሱን ወደ አንድ ወገን፣ ኳሷን ወደ ሌላ ወገን ላከ። አዲስን በዚህ የሚወቅስ የለም፤ እንዲያውም እንደዚያ ባለ ሰዓት እኔ እቆማለሁ ማለቱ የሚያስከብረው ነው። እንዲህ ያለው ነገር በዓለም መድረክ ላይ በሠለጠነ ቡድን ከደረሰ፣ በወረታ ሜዳ ላይ በእኛ የማይደርስበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ አምበሉ በሐሙሱ ልምምድ ላይ ሁለቱ በረኞች ተራ በተራ እንዲቆሙ፣ የመስመር ተጫዋቾችም ለሁለቱም እኩል እንዲያሻሙ ተስማምቷል። ልምምዱ በ11 ሰዓት ነው። ጉዞው መንገዱ ሰላም ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ የመሳፈሪያውን ብር በውርርድ ያስያዛችሁ እስከ ዓርብ ድረስ አስለቅቁት፤ ቡድኑ ለማንም አይከፍልም። ያለን ጓንት አንድ ብቻ ነው፤ የግራውም አውራ ጣት ተቀዷል። ሁለተኛ ጓንት ያለው፣ ወይም መስፋት የሚችል ተማሪ፣ ከሐሙስ በፊት ለአምበሉ ያሳውቅ።